«እሺ» ካልኩ በኋላ ልቤ እንቢ አለኝ

ይድረስ ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ፣

የ61 ዓመት እናት ነኝ። በሂሳብ ሠራተኛነት ለብዙ ዓመታት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሲሆን የምኖረውም አዲስ አበባ ነው። አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። በጃፓን መንግሥት የነፃ ትምህርት ዕድል ኪዮቶ ከተማ ገብታ ሦስተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው፤ ከሄደች አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ባለቤቴ የታሪክ መምህር ነበር። ልጃችን ኪዮቶ ገባች በተባለ ማግስት ካርታ ገዝቶ መጥቶ ምሳ ጠረጴዛችን ላይ ዘርግቶ፣ የቱ ቤተ መንግሥት የቱ ቤተ መቅደስ እንደሆነ በጣቱ እየጠቆመ ሲያሳየኝ አመሸ። ልጃችን ገንዘብ ማጠራቀም የጀመረችው እሱን ወስዳ ለማሳየት ነበር፤ ሳይደርስለት ከሁለት ዓመት በፊት ዐረፈ።

አሁን ያ ገንዘብ ለእኔ ሆነ። ልጄ በመጋቢት አጋማሽ፣ ሳኩራ የሚሉት የቼሪ አበባ በሚፈነዳበት ሰሞን እንድመጣ ትፈልጋለች። በስልክ ስትነግረኝ ድምፅዋ በደስታ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁና «እሺ ልጄ» አልኳት። እንደ ዋሸሁ ይሰማኛል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ። መሄድ አልፈልግም። መንገድ ድሮም አልወድም፤ ደብረ ዘይት እንኳ ስሄድ ያጥወለውለኛል። ጉልበቴ ደረጃ አይችልም። ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ ምን እበላለሁ? ደግሞ ቦታው ሁሉ የጣዖት ቤት ነው፣ እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ? የጎረቤቴ ልጅ በስልኩ ያሳየኝ ቪዲዮ ላይ መንገዱ እንደ ጥምቀት በሰው ተጨናንቋል። ልጄ ግን ኡጂና ኦትሱ የሚባሉ አጎራባች ከተሞችን ጨምሮ በስድስት ቀን የምናያቸው 17 ቦታዎች ዝርዝር ልካልኛለች።

አንድ ነገር ልጨምር። «እማዬ፣ ቤቴን እንድታዪልኝ እፈልጋለሁ» አለችኝ። ያቺን በስድስት ታታሚ የምትለካ የኪራይ ክፍል «ቤቴ» አለቻት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ልሂድ ወይስ ልቅር? ብቀርስ ምን ብዬ ልንገራት?

ናፋቂዋ እናት፣ ከአዲስ አበባ

የተከበሩ እናቴ፣

ከጉልበትዎም ከመንገዱም በፊት «እንደ ዋሸሁ ይሰማኛል» ያሉት ነገር ከነከነኝ። የልጅዎ ድምፅ ሲንቀጠቀጥ ሰምተው «እሺ» ቢሉ፣ በዚያች ሰዓት እሺ ያሉት ለደስታዋ ነው። ስለ ጉዞው ገና አልተመከረበትም፤ ስለዚህ ያፈረሱት ቃል የለም። የቀረዎት ነገር ያን ምክክር መጀመር ነው፤ እሱም የአየር ትኬት ከመቆረጡ በፊት ቢሆን ለሁለታችሁም ይቀላል።

ወደ ዝርዝሩ ልለፍ፤ ቁጥሩን ሳይ ቆም ብያለሁና። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ ዩኔስኮ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 የጥንታዊት ኪዮቶን ቅርሶች በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የመዘገባቸው ቦታዎች ልክ 17 ናቸው። ከእነዚህም አንዳንዶቹ የሚገኙት፣ እርስዎ እንደ ጠቀሷቸው፣ በኡጂና በኦትሱ ነው። ልጅዎ አምስት ዓመት ሙሉ የኖረችበትን ከተማ ለእናቷ ለማሳየት ስታስብ፣ ወዳጆቿን፣ ቡና የምትጠጣበትን ጥግ፣ በብስክሌት የምታልፍበትን የወንዝ ዳር ትታ የዓለም ቅርስ መዝገብ ይዛ መጣች። ይህ ዝርዝር ለታሪክ መምህር የተዘጋጀ ዝርዝር አይመስልዎትም? ምሳ ጠረጴዛችሁ ላይ ከተዘረጋው ካርታ ጋር ቢያስተያዩትስ?

ግምቴ ልክ ከሆነ፣ ልጅዎ ለአባቷ ያዘጋጀችውን ጉዞ አንዲት ቦታ ሳትሰርዝ ለእርስዎ አስተላልፋዋለች፤ መሰረዙ አባቷን እንደገና መቅበር መስሎ ታይቷት ይሆናል። እርስዎ ደግሞ በእሱ ወንበር እንዲቀመጡ የተጠሩ ያህል ተሰምቶዎት ከሆነ፣ እግርዎ ቢከብድ አይፈረድብዎትም። ስለዚህ ራስዎን እንዲህ ብለው ቢጠይቁ ደስ ይለኛል፦ ባለቤቴ በሕይወት ቢኖርና አብረን እንሂድ ቢለኝ፣ ጉልበቴና ሁዳዴው እንዳሉ ሆነው፣ ምን እመልስ ነበር? መልሱ «እያጉረመረምኩም ቢሆን እሄድ ነበር» ከሆነ፣ ያስቸገረዎት ኪዮቶ ሳትሆን ያለ እሱ መሄዱ ነው። መልሱ «ያን ጊዜም አልሄድም ነበር» ከሆነ ደግሞ እሱም እውነት ነው፤ ሊከበርም ይገባዋል።

«ቤቴ» ስለምትለዋ ቃል ጥቂት ልበል። አንድ ታታሚ ሰው የሚያስተኛ ያህል ርዝመት ያለው ከሣር የሚሠራ ምንጣፍ ነው፤ ስድስቱ ሲነጠፉ የሚሸፍኑት ወለል አሥር ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ልጅዎ በዚያች ወለል ላይ ብቻዋን ሆና የአባቷን መርዶ ሰምታ ይሆናል። ባዕድ አገር የምትኖር ሴት ጠባብ ክፍሏን «ቤቴ» ስትል አንዳንዴ «እዚህ ቀረሁ» ማለቷ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ «ችዬዋለሁ፣ እዪልኝ» ማለቷ ነው። የትኛው እንደሆነ እኔ ከዚህ ሆኜ ልነግርዎት አልችልም፤ በስልክ ቢጠይቋትም «ምን ማለትሽ ነው እማዬ» ብላ ታልፈው ይሆናል። እንዲህ ያለው ጥያቄ እግርን አጣጥፈው ወለሉ ላይ አብረው ሲቀመጡ በቀላሉ የሚወጣ ይመስለኛል። ለመሄድ የሚያበቃ ምክንያት ቢፈልጉ እኔ ከ17ቱ ቦታዎች ሁሉ ይልቅ ይህን እመርጥልዎታለሁ።

የጊዜውን ነገር በተመለከተ ግን ሙሉ በሙሉ ከእርስዎ ጋር ነኝ። የኪዮቶ ሳኩራ በአብዛኛው ከመጋቢት አጋማሽ እስከ መጋቢት መጨረሻ ስለሚፈነዳ ዘወትር ለማለት በሚቻል ሁኔታ በሁዳዴ ላይ ይወድቃል። ይህ ወቅት ከተማዋ ከዓመት ዓመት እጅግ ከምትጨናነቅባቸው ሰሞኖች አንዱ ነው፤ 1.4 ሚሊዮን ያህል ነዋሪ ያላት ከተማ በዓመት ከ50 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ታስተናግዳለችና የጎረቤትዎ ልጅ ያሳየዎት ቪዲዮ የተጋነነ አይደለም። አበባው ያምራል፤ ነገር ግን በፆም ላይ ያለች፣ ጉልበቷን የሚያማት እናት በዚያ ግፊያ መሀል ቆማ የምታየው አበባ ያስደስታታል ብዬ አላምንም።

ስለዚህ ለልጅዎ ሌላ ቀን ያቅርቡላት። የግንቦት ልደታን ከጎረቤቶችዎ ጋር አክብረው በማግስቱ ቢነሱስ? በሚያዝያ መጨረሻ ሳምንት ጃፓኖች በተከታታይ የሕዝብ በዓላት የሚንቀሳቀሱበት ሰሞን አለ፤ እሱ በዚያን ጊዜ አልፏል። የሰኔው ዝናብ ገና አልገባም፤ ብርዱም ሄዷል፤ ተራሮቹ አዲስ ቅጠል ለብሰዋል። ከሁሉ በላይ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጰራቅሊጦስ እስኪደርስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ግንቦት 7 ቀን ደግሞ አኦይ የሚሉት በዓላቸው ይውላል፤ ከ500 በላይ ሰዎች የጥንት የቤተ መንግሥት ልብስ ለብሰው፣ በሬ የሚስበው ያጌጠ ሠረገላ አስከትለው ከቀድሞው ቤተ መንግሥት ተነሥተው በሰልፍ ሲያልፉ ከመንገድ ዳር ይታያል። ሰልፉ ሃይማኖታዊ መነሻ እንዳለው ግን አስቀድመው ይወቁ።

በሁዳዴ መሄድ ግድ ከሆነም ረሃብ አያስፈራዎት። የቡድሃ መነኮሳት ሾጂን ርዮሪ የሚሉት ሥጋም ዓሣም ወተትም የሌለበት ምግብ አላቸው፤ ኪዮቶም በእሱና ከአኩሪ አተር በሚሠራው፣ እንደ አይብ በለሰለሰው ቶፉ የታወቀች ናት። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ተራ ምግብ ቤት ሲገባ ነው፤ የጃፓን ሾርባና መረቅ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ስለሚዘጋጅ አትክልት ብቻ መስሎ የሚታየው ሳህን ፆም ያስገድፋል። ልጅዎ ቋንቋውን ታውቃለችና ይህን ለእሷ ይተዉላት።

«የጣዖት ቤት» ያሉትን በቀላሉ አላልፈውም፤ የእምነት ጥያቄ ስለሆነ መጠየቅ ያለባቸው የንስሐ አባትዎ ናቸው። ከመነሣትዎ በፊት ጥያቄውን ዘርዝረው ያቅርቡላቸው፦ ለማየት ብቻ መግባት፣ ግቢውን ብቻ ማየት፣ ውጭ ቆሞ ልጅን መጠበቅ። እኔ ልነግርዎት የምችለው በእነዚህ ቦታዎች የሚሰግደው መስገድ የፈለገ ብቻ መሆኑን ነው፤ በደጁ ባለው ውሃ እጅ መታጠብም፣ ሳንቲም መጣልም፣ እጅ ማጋጠምም ለጎብኚ ግዴታ አይደለም። አብዛኛውን ጎብኚም ወደዚያ የሚያመጣው ሕንፃውና የአትክልት ቦታው ነው። ልጅዎ ነግራዎት ከሆነ አላውቅም እንጂ በመሀል ኪዮቶ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከእንጨት የተሠራ የኦርቶዶክስ ካቴድራልም አለ፤ የተሰየመውም በእመቤታችን ብሥራት ነው። የሩሲያን ሥርዓት የሚከተል ስለሆነ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ጋር በቁርባን አንድ አይደለም፤ ሆኖም ከሩቅ ጉልላቱንና መስቀሉን ማየት እንኳ በባዕድ ከተማ ልብን ያሳርፋል።

አሁን 17ቱን እንቀንሳቸው። ለጉልበትዎ ስል ከዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ የማወጣው ኪዮሚዙደራ የተባለውን የቡድሃ ቤተ መቅደስ ነው፤ በተራራ ወገብ ላይ የተሠራ ስለሆነ በሽቅብ መንገድና በደረጃ ይደረሳል፣ መንገዱም ግራና ቀኝ በሱቅና በሰው የተሞላ ነው። ልጅዎ ማሳየቱን ከልቧ ከፈለገች ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ስለሆነ ሕዝቡ ሳይነሣ ታክሲ እስከሚደርስበት ድረስ ወስዳ ታሳይዎት። ከዚያ በተረፈ በቀን አንድ ቦታ፣ ያውም ከምሳ በፊት፣ ይበቃዎታል።

በዝርዝሩ ላይ እንዲቀር የምለምንዎት አንድ ቦታ የኒጆ ቤተ መንግሥት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1603 የተሠራ የጦር አለቆች መቀመጫ እንጂ የአምልኮ ቤት አይደለም፤ ግቢው ሰፊና ከሞላ ጎደል ሜዳ ነው። ጫማዎን አውልቀው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡና በካልሲ ወደ ረጅሙ የእንጨት ኮሪደር ይገባሉ። ጫማ ማውለቁ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ጀምሮ የሚያውቁት ነገር ስለሆነ አይከብድዎትም። እግርዎን ሲያሳርፉ ወለሉ ቀጭን የወፍ ድምፅ ያሰማል፤ ሳንቃዎቹን የያዙት ብረቶች ከምስማሮቻቸው ጋር ሲፋተጉ የሚወጣ ድምፅ ነው። ሰው በዛ ሲል ኮሪደሩ በሙሉ ይንጫጫል፤ ሰው ጋብ ሲል ግን የራስዎን ርምጃ ለይተው ይሰማሉ።

ይህን ቦታ የመረጥኩት ግን በወለሉ ምክንያት አይደለም። ከእነዚህ ሾጉን ከሚባሉት ገዢ የጦር አለቆች የመጨረሻው፣ ቶኩጋዋ ዮሺኖቡ፣ በ1867 ሥልጣኑን ለንጉሠ ነገሥቱ እንደሚመልስ ያሳወቀው በዚሁ ቤተ መንግሥት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው የሜጂ መንግሥት በ1889 ያወጣው ሕገ መንግሥት፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁትና በእኛ አቆጣጠር በ1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት እንደ አርአያ የወሰደው ነው። ባለቤትዎ የታሪክ መምህር ስለነበሩ ይህን ለተማሪዎቻቸው ሳያስተምሩ አልቀሩም። እናትና ልጅ ያን ኮሪደር ስትዞሩ ስለ እሳቸው ማውራት ብትፈልጉ ቦታው ራሱ ወሬውን ያነሣላችኋል፤ ማልቀስ ብትፈልጉም ከኮሪደሩ ወጥታችሁ የአትክልት ቦታው ውስጥ ዞር ማለት ትችላላችሁ።

ሌላውን ጠዋት ለሪዮአንጂ ብትሰጡት እወዳለሁ። የዜን ቡድሂስቶች ገዳም ስለሆነ የንስሐ አባትዎ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የሚታየው ነገር ግን ነጭ ጠጠር በመስመር መስመር የተጫረበት ግቢና በላዩ የተቀመጡ 15 ድንጋዮች ናቸው። ከእንጨት በረንዳው ላይ ሆነው ከየትኛው ጥግ ቢቆጥሩት አንዱ ከሌላው ጀርባ ስለሚሸሸግ 14 እንጂ 15 አይሞላም። ለእርስዎ ትልቁ ጥቅሙ በረንዳው ከፍ ያለ መሆኑ ነው፤ ጫፉ ላይ ተቀምጠው እግርዎን ወደ ታች ማንጠልጠል ይችላሉ፣ ጉልበትዎም ያርፋል። ከሰዓቱን ደግሞ በካሞ ወንዝ ዳር በሜዳው ላይ ቀስ እያሉ ይሂዱ፤ የከተማው ሰው ሥራ ሲለቅ የሚናፈሰው እዚያ ነው፣ ክፍያም የለውም። ልጅዎ በየትኛው መንገድ ወደ ትምህርት ቤት እንደምትሄድ ይጠይቋትና እሱን መንገድ አንድ ቀን አብረዋት ይሂዱ። ይህ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ የለም።

የመንገዱ ነገር ረጅም መሆኑን አልደብቅዎትም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ተነሥቶ በሴኡል በኩል ቶኪዮ ናሪታ ይደርሳል፤ ከቶኪዮ ኪዮቶ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ልጅዎ ናሪታ ድረስ መጥታ እንድትቀበልዎት፣ ከተቻለም አንድ ሌሊት ቶኪዮ አሳርፋ እንድትወስድዎት ቃል ያስገቧት። ስለ ማጥወልወሉና ስለ ጉልበትዎ ሐኪምዎን አስቀድመው ያማክሩ፤ ለረጅም በረራ የሚሆን ምክርም ይጠይቁ። ታታሚ ላይ የሚነጠፍ ፍራሽ ወለል ላይ ስለሆነ ከእሱ መነሣት ለእርስዎ ይከብዳል፤ አልጋ ያለው ማረፊያ በአቅራቢያዋ እንድትፈልግልዎ ሳያፍሩ ይንገሯት። ቪዛውም ከእሷ የግብዣ ደብዳቤ፣ ከእርስዎ ደግሞ እናትና ልጅ መሆናችሁን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ስለሚጠይቅ ቀኑን ወደ ግንቦት ማዛወሩ ለዚህም ጊዜ ይሰጣችኋል።

ይህን ሁሉ አስበው ልብዎ አሁንም እንቢ ካለ፣ ይቅሩ። መቅረት ልጅን አለመውደድ አይደለም። ነገር ግን ጉልበትን ወይም ሁዳዴን ብቻ ሰበብ አድርገው አይቅሩ፤ ብልህ ልጅ ናትና ለእያንዳንዱ ሰበብ መፍትሔ ታመጣለች፣ በመጨረሻም ሰበብ ሲያልቅ እውነቱ ሳይነገር ይቀራል። ከቀሩ ያ ገንዘብ እሷን ለአንድ ወር ወደ አገር ቤት ሊያመጣት ይችል እንደሆነ አብራችሁ አስሉ፤ የአባቷን መቃብር አይታው ታውቃለች? ካላየችው፣ ምናልባት መጀመሪያ መምጣት ያለባት እሷ ናት።

እሑድ ስትደውልልዎ ወደ መሄዱና መቅረቱ ሳይገቡ በፊት ከዝርዝሩ ይጀምሩ። «ልጄ፣ ይቺን ዝርዝር ለአባትሽ ነበር ያዘጋጀሽው?» ይበሏት፤ ከዚያ ዝም ብለው ያድምጧት። ቢያለቅሱም ስልኩን አይዝጉት። ሌላው ነገር፣ ቀኑም ጉልበቱም አልጋውም፣ ከዚያ በኋላ በቀላሉ ይነገራል።

መሄድ ከወሰኑ ሻንጣ ሲያዘጋጁ ቋንጣም ሆነ ማንኛውንም የሥጋ ዘር አይያዙ፤ ጃፓን የላኪውን አገር የምርመራ ወረቀት ያልያዘ ሥጋ አታስገባም፣ ኬላው ላይም ጥብቅ ናቸው። ቡናውን ግን ቆልተው ይውሰዱ። የእኛን ቡና ጃፓኖች «ሞካ» ብለው ሲሸጡት ልጅዎ አይታ ይሆናል፤ እናቷ በቆላችው ግን አምስት ዓመት ሆኗታል። ጀበናዋን በነጠላ ጠቅልለው በእጅ ሻንጣ ይያዟት። በኪራይ ክፍል ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ስለማይቻል ምን ዓይነት ምድጃ እንዳላት ይጠይቋት፤ ስንት ሲኒ እንዳላትም አብረው ይጠይቋት፣ ቡናው የሚፈላው «ቤቴ» ባለችው ቤት ስለሆነ ማን ማን እንደሚጠራ የምታውቀው እሷ ናት።